«ሆድ ባሰኝ» በዕብራይስጥ እንዴት ይባላል?



እዚህ ሮቫ ቤት በምንኖር ቤተሰቦች ዘንድ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እናት ሐኪም ፊት ቀርባ «ሆድ ባሰኝ» ትላለች። አብሯት የመጣው ልጅ አማርኛው ሳሳ ያለ ስለሆነ «ሆዷ ብሶባታል» ብሎ ይተረጉማል። የሆድ መድኃኒት ይታዘዛል፤ ሐዘኑ ግን እዚያው ይቀራል።

በባህላችን ሐዘንም ናፍቆትም ቁጣም የሚቀመጠው ሆድ ውስጥ ነው። ችሎ የያዘ ሰው ሆደ ሰፊ ይባላል፤ «ሆድ ይፍጀው» ብለን ያለፍነውም ብዙ ነው። ከኢትዮጵያ የመጡ ወጣቶችን ያከመው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋዲ ቤን ዔዘር በ1990 ባሳተመው ጽሑፍ፣ አንዳንዶቹ ምግብ አልወርድ ያላቸው ፈረንጆች በሚያውቁት የአመጋገብ ሕመም ሳይሆን ሆዳቸው በሐዘን ስለተሞላ ሊሆን እንደሚችል አስረድቷል። በ1984 በሱዳን በኩል ከመጡት ልጆች ብዙዎቹ ያለ ወላጅ እንደደረሱ የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ።

ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ በእኛ አስተያየት ትልቅ ስሕተት ነው። ልጁ ራሱ በትምህርት ቤት «ኢትዮጵያዊ»፣ በቤት ደግሞ «እስራኤላዊ ሆንክ» እየተባለ የየት እንደሆነ ግራ ገብቶታል። በዚህ ላይ የእናቱን ምሥጢር ሲሸከም ይከብደዋል። አባትም በልጁ ፊት የደረሰበትን ውርደት አይናገርም፤ እንዴትስ ይናገራል?

ከሐምሌ 2015 ጀምሮ የአእምሮ ጤና ሕክምና በኩፓት ሆሊም በኩል ይሰጣል። ሐኪሙ የሚሰማውን ምሥጢር እንዲጠብቅ በ1996 የወጣው የታካሚ መብት ሕግ ያስገድደዋል። ሕጉ የሚፈቅዳቸው ልዩ ሁኔታዎች ግን አሉ፤ ለምሳሌ የሰው ሕይወት ወይም ሕፃን አደጋ ላይ ሲሆን። ስለዚህ «ወሬው ሰፈር ይደርሳል» ብሎ መቅረት አያስፈልግም። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም በ2011 ባወጣው መመሪያ የሕክምና ተቋማት አገልግሎታቸውን ከታካሚው ቋንቋና ባህል ጋር እንዲያስማሙ አዟል።

ቀጠሮ ስትይዙ «ሜቱርገማን ለአምሃሪት» ብላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። ትግርኛ የሚቀናችሁም በትግርኛ ጠይቁ። ገብታችሁ ስትቀመጡ ስለ ሆዳችሁ የምትናገሩት ስለ ምግብ ይሁን ስለ ሐዘን አስቀድማችሁ ንገሩት። አንገት ደፍቶ መናገር ለእኛ አክብሮት መሆኑንም አስረዱት፤ ካልነገራችሁት ፍርሃት ሊመስለው ይችላል።