ዋስ ሌላ፣ ቁልፍ ሌላ

አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ አዲስ ቢሮ ተመድቦ ኮምፒዩተር ተሰጠው እንበል። መሥሪያ ቤቱ የከፈተለት አካውንት የማይክሮሶፍት ነው፤ በኮምፒዩተሩ ላይ ያገኘው ብራውዘር ግን የጎግል ክሮም ነው። ብራውዘሩ ገና እንደ ተከፈተ «ይግቡ» ይለዋል። መግባቱስ ጥቅም አለው፤ ለነገ ብሎ ያስቀመጣቸው ገጾችና የይለፍ ቃሎቹ ሁሉ ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው እየተከተሉት ይሄዳሉ። ነገር ግን ያለውን የማይክሮሶፍት አካውንት ቢያቀርብ በሩ አይከፈትለትም። ክሮም የሚያውቀው የጎግልን አካውንት ብቻ ነው። ስለዚህ ወጣታችን ሌላ አካውንት ይከፍታል፤ ሌላ የይለፍ ቃል ይፈጥራል፤ እሱም ከታከተው የቀድሞውን ይደግመዋል። ይህ መድገም ደግሞ ለሌባ ሲሳይ ነው፤ አንዱ ቤት ሲሰበር ሌላውም አብሮ ይከፈታልና።

ከዚህ የተነሣ አንድ ጥያቄ ይመጣል። ብራውዘር የተወዳዳሪውን ኩባንያ አካውንት አምኖ ደንበኛውን ቢያስገባ ምን ይጎዳል? ነገሩን ላይ ላዩን ሲሰሙት የነጋዴዎች ፉክክር ይመስላል። ይሁን እንጂ በመካከሉ ያለው የአንባቢው የራሱ ንብረት ነው፤ ይኸውም የይለፍ ቃሉ፣ ያነበበው፣ የፈለገውና ያስቀመጠው ሁሉ።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንመልከት። አንድ ድረ ገጽ «በጎግል አካውንትዎ ይግቡ» ሲለን የጎግልን የይለፍ ቃል ለድረ ገጹ አንሰጥም። ድረ ገጹ ወደ ጎግል ይልከናል፤ እኛም የይለፍ ቃላችንን ለጎግል ብቻ እናሳያለን፤ ጎግልም «ይህን ሰው አውቀዋለሁ» የሚል ፊርማ ያለበት ማስረጃ ይጽፍልናል። ድረ ገጹ ፊርማውን መርምሮ ያስገባናል። ባገራችን አነጋገር ጎግል ዋስ ሆነልን ማለት ነው። ብዙዎች ለዚህ ሥራ የሚከተሉት ኦፕን አይዲ ኮኔክት የተባለው ደንብ በ2014 ወጣ። (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ደንቡ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ብራውዘር ሠሪዎችም ሊገለገሉበት ይችላሉ።

ታዲያ ስለ ምን ያመነታሉ? አንደኛው ምክንያት የገበያ ነገር ነው። ብራውዘር በነጻ የሚታደል ዕቃ ነው፤ ኩባንያው ደንበኛውን የሚይዝበት ገመድ አካውንቱ ነው። ለዚህም ሁለት ምስክሮች አሉ።

በ2018 መስከረም ወር ክሮም 69ኛ እትሙን ሲያወጣ አንድ አዲስ ነገር አመጣ። ሰው የጎግልን ኢሜይል ለማንበብ ብቻ አካውንቱን ቢከፍት፣ ብራውዘሩም ሳይጠይቅ በዚያው ሰው ስም ተከፍቶ ይገኝ ጀመር። በሰው ኮምፒዩተር ላይ ደብዳቤውን ሊያይ የገባ እንግዳ ስሙ በቤቱ ደጃፍ ላይ ተለጥፎ እንደ መገኘት ነው። ጎግል፣ የግል መረጃው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወደ ማከማቻው አይላክም ብሎ ቢያስረዳም ተቃውሞው በረታ። በሚቀጥለው ወር በወጣው በ70ኛው እትም ይህን የሚዘጋ ምርጫ ጨመረ።

ሁለተኛው ምስክር የ2021 ነው። ጎግል የክሮምን መሠረት ክሮሚየም በሚል ስም ለሁሉም በነጻ ስለሚሰጥ ብዙ ሌሎች ብራውዘሮች በሱ ላይ ተሠርተዋል። ከነዚህም አንዳንዶቹ ተጠቃሚው በጎግል አካውንቱ ገብቶ በክሮም ያስቀመጠውን መረጃ በነሱም ላይ እንዲያገኝ ያደርጉ ነበር። ጎግል ይህ አገልግሎት ለራሱ ብቻ የታሰበ ነው በማለት ከመጋቢት 15 ቀን 2021 ጀምሮ ዘጋባቸው። እንግዲህ የተወዳዳሪን አካውንት መቀበል በብራውዘር ሠሪው ፈቃድ ብቻ የሚፈጸም አይደለም፤ የአካውንቱም ባለቤት በሩን ሊዘጋ ይችላል።

ይሁን እንጂ እምቢታው ሁሉ ከስስት የመነጨ ነው ማለት ፍርድ ማጉደል ይሆናል። ሁለተኛ ምክንያት አለ፤ እሱም ከፊተኛው ይልቅ የከበደ ነው።

የፋየርፎክስ ሠሪ ሞዚላ በ2014 አዲሱን የአካውንት አሠራር ሲዘረጋ የደንበኛው መረጃ በሣጥን ተቆልፎ እንዲቀመጥ አደረገ። የሣጥኑ ቁልፍ የሚገኘው ከደንበኛው የይለፍ ቃል ሲሆን ስሌቱ የሚሠራው በደንበኛው በራሱ መሣሪያ ላይ ነው። ከዚያው ስሌት ሁለት ነገር ይወጣል፤ አንዱ ለሞዚላ «እኔ ነኝ» ለማለት የሚያገለግል ምልክት ነው፤ ሁለተኛው ሣጥኑን የሚከፍተው ምስጢር ነው። ሞዚላ ምልክቱን ያያል፤ ምስጢሩን ግን አያይም። ስለዚህ ሞዚላ ሣጥኑን ቢያስቀምጥም ሊከፍተው አይችልም።

አሁን በዚህ ቤት ጎግል ዋስ ሆኖ ቢመጣ ምን ይሆናል? ዋሱ የሚያመጣው ወረቀት «ሰውዬውን አውቀዋለሁ» ይላል እንጂ ሣጥን የሚከፍት ምስጢር የለበትም። ወረቀቱን ብቻ አይቶ ሣጥኑን ለመክፈት ከተፈለገ ቁልፉ አስቀድሞ በሞዚላ እጅ መኖር አለበት። ያን ጊዜ ሞዚላ የደንበኛውን የይለፍ ቃሎች ማየት የሚችል ይሆናል፤ የጎግልን አካውንት የሰረቀ ሌባም ያለ ድካም ሣጥኑን ያገኛል። እንግዲህ ዋስ ሌላ፣ ቁልፍ ሌላ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ሞዚላም ለአንዳንድ አገልግሎቶቹ በጎግልና በአፕል አካውንት መግባትን ሲፈቅድ፣ ሣጥኑን ለሚፈልግ ሰው ግን የራሱን የይለፍ ቃል እንዲያበጅ ጠይቋል። ድካም ቢጨምርም አሠራሩ ትክክል ነው።

ሦስተኛም ስጋት አለ። ዋሱ ሰውዬው መቼና ወዴት እንደ ገባ ያውቃል። ሞዚላ ይህን ለማስቀረት በ2011 ብራውዘር አይዲ፣ ኋላም ፐርሶና የተባለ መግቢያ ሠርቶ ነበር። ዋሱ ደንበኛው ወደ የትኛው ድረ ገጽ እንደ ሄደ ሳያውቅ ማንነቱን እንዲመሰክር የታሰበ ነበር፤ በ2013 ለያሁና ለጎግል ኢሜይል ተጠቃሚዎች ጭምር ተመቻችቶ ነበር። ነገር ግን የሚቀበሉት ድረ ገጾች ጥቂት ሆኑ፤ በ2016 ኅዳር መጨረሻ ላይ ተዘጋ። መልካም አሳብ ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ እንማራለን።

ይህን ሁሉ ካመዛዘንን በኋላ የኛ አስተያየት እንዲህ ነው። ብራውዘሮች የተወዳዳሪያቸውን ዋስ ቢቀበሉ ይበጃል፤ ሰው አንድ በር ለመግባት ሁሉ አዲስ ስምና አዲስ የይለፍ ቃል እንዲፈጥር መገደድ የለበትም። ዳሩ ግን ሦስት ነገር ይጠበቅ። የመጀመሪያው፣ የተወዳዳሪው አካውንት ብቸኛው መግቢያ አይሁን፤ ያ አካውንት በስሕተት ቢታገድ ሰውዬው ከንብረቱ ሁሉ ይለያልና። ሁለተኛው፣ የሣጥኑ ቁልፍ ከዋሱም ከብራውዘር ሠሪውም ተለይቶ በባለቤቱ እጅ ይቅር። ሦስተኛው፣ ባለቤቱ ዋሱን ሲለውጥ ያስቀመጠውን ይዞ ይውጣ።

ኩባንያዎቹ እስኪስማሙ ድረስ አንባቢው በእጁ ያለውን ቢያደርግ መልካም ነው። በጋራ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ የእንግዳ መስኮት ከፍቶ ይሥራ፤ ሲጨርስም ይዝጋው። በፋየርፎክስ የሚገለገል፣ የይለፍ ቃሉን ረስቶ ቢለውጥ ማከማቻው ላይ ያለው መረጃ ሊጠፋበት ስለሚችል የማስመለሻ ቁልፉን አስቀድሞ አውጥቶ በወረቀት ይጻፈው። በክሮም የሚገለገልም ቢሆን ከፈለገ ጎግል የማያውቀውን የራሱን የምስጢር ሐረግ ሊመድብ ይችላል። በአንድ አካውንት ብቻ ብዙ ቤት የሚከፍትም ሁለተኛ መግቢያ ያበጅ። አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ያሉት ለዚህም ዘመን ይሠራል።