በጠጣር ውስጥ የሚጓዝ አዮን

ከካዛንቺስ ወደ መስቀል አደባባይ በሚወስደው ጎዳና የሚመላለሱትን የቤንዚን አውቶሞቢሎች የጭስ ማውጫ ቱቦ ዝቅ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ በብዙዎቹ ላይ ከአውራ ጣት እምብዛም የማይበልጥ መሣሪያ ተሰክቶ ያገኛል። መካኒኮች ኦክሲጅን ሴንሰር ይሉታል። በውስጡ ያለው ዚርኮኒያ የሚባል፣ ከሸክላ ወገን የሆነ ነጭ ጠጣር ነው። ይህ ጠጣር አየር አያስገባም፤ ጭስም አያስወጣም። ነገር ግን የሞተሩ ጭስ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲያሞቀው፣ የኦክሲጅን አዮኖች አየር ካለበት ወገን ጭስ ወዳለበት ወገን በውስጡ ለማለፍ ይገፋሉ፤ ከዚህም የተነሣ አነስተኛ ቮልቴጅ ይፈጠራል። መኪናው ነዳጁንና አየሩን የሚያመዛዝነው በዚህ ምልክት ነው።

አዮን ማለት ኤሌክትሮን በማጣቱ ወይም ትርፍ ኤሌክትሮን በማግኘቱ የኤሌክትሪክ ሙል የያዘ አቶም ወይም የአቶሞች ስብስብ ነው። በመዳብ ሽቦ ውስጥ የሚጓዙት ኤሌክትሮኖች ብቻ ናቸው፤ አዮን ሲጓዝ ግን ቁስ አካል ራሱ ከቦታ ወደ ቦታ ይሄዳል። ጨው በውሃ ሲሟሟ አዮኖቹ እንደ ልባቸው ይንቀሳቀሳሉ። በጠጣር ውስጥ ግን እያንዳንዱ አዮን የተወሰነለት ስፍራ ስላለው፣ ስፍራው ሁሉ ከተያዘ መተላለፊያ አይገኝም። ስለዚህ በዚርኮኒያ ላይ ዪትሪያ የሚባል ሌላ ኦክሳይድ ሆን ተብሎ ይጨመራል። የዪትሪየም አዮን ሙል ከዚርኮኒየሙ ያነሰ በመሆኑ፣ ሁለት ዪትሪየሞች በገቡ ቁጥር አንድ የኦክሲጅን ስፍራ ባዶ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ታክሲ የተሳፈረ ሁሉ ያውቀዋል። ከመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ሲወርድ ረዳቱ «ጠጋ በሉ!» ይላል፤ ጎረቤቱ ወደ ባዶው ስፍራ ይጠጋል፤ የእርሱንም ስፍራ ቀጣዩ ይይዛል፤ ባዶው ስፍራ እየተሸጋገረ በር ድረስ ይደርሳል። በጠጣሩ ውስጥ የረዳቱን ሥራ የሚሠራው ሙቀት ነው።

የዚህ ነገር ጥቅም በአውቶሞቢል ብቻ ተወስኖ አይቀርም። ገበሬው በጤፉና በስንዴው ማሳ ላይ የሚበትነው ዩሪያ ከአሞኒያ የሚሠራ ሲሆን፣ አሞኒያ ደግሞ የናይትሮጅንና የሃይድሮጅን ውሕድ ነው። ከአየር ውስጥ 78 በመቶው ናይትሮጅን ቢሆንም፣ ሁለቱ አቶሞቹ እጅግ በጠነከረ ማሰሪያ ስለተያያዙ ሰብል በቀጥታ ሊጠቀምበት አይችልም። ናይትሮጅንን በሙቀትና በከፍተኛ ግፊት ከሃይድሮጅን ጋር ማዋሐድ እንደሚቻል ፍሪትዝ ሃበር እ.ኤ.አ. በ1909 በጀርመን አገር አሳየ፤ በ1913ም ኦፓው ላይ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ዛሬም ዋናው ዘዴ ይኸው ነው። ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሙቀትና ከ100 አትሞስፌር የሚበልጥ ግፊት ይጠይቃል፤ ሃይድሮጅኑም በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ወይም ከድንጋይ ከሰል ይወጣል። በአገራችን እንዲህ ያለ ፋብሪካ ባለመኖሩ ዩሪያ ከባሕር ማዶ እየተገዛ በጅቡቲ በኩል ሲገባ ኖሯል፤ መርከብ ቢዘገይ ዝናቡ አይጠብቅም። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ጎዴ ላይ የማዳበሪያ ፋብሪካ ለማቋቋም ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈርሟል፤ እርሱም በተፈጥሮ ጋዝ እንዲሠራ የታቀደ ነው።

ጋዝ ሳይሆን የወንዝ ውሃና ኤሌክትሪክ ባለበት ስፍራስ? ተስፋው ያለው በጠጣሩ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ጃፓናዊው ኢዋሃራና ባልደረቦቹ፣ ከስትሮንሺየምና ከሴሪየም ኦክሳይድ የተሠራ ጠጣር ሲግል ፕሮቶንን፣ ማለትም ኤሌክትሮኑን ያጣ ሃይድሮጅንን፣ እንደሚያስተላልፍ አስታወቁ። በ1998 ደግሞ ማርኔሎስና ስቱኪደስ የተባሉ የግሪክ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን ጠጣር ግድግዳ አደረጉት። በአንደኛው ወገን ሃይድሮጅን ኤሌክትሮኑን ለሽቦው ይሰጣል፤ ፕሮቶኑ ከኦክሲጅን ወደ ኦክሲጅን እየዘለለ ግድግዳውን ያቋርጣል፤ በሌላው ወገን በሽቦ ዞረው ከመጡት ኤሌክትሮኖችና ከናይትሮጅን ጋር ተገናኝቶ አሞኒያ ይሆናል። ይህ የተፈጸመው በ570 ዲግሪ ሙቀት፣ ያለ አንዳች ተጨማሪ ግፊት ነበር። በሃይድሮጅኑ ፋንታ የውሃ እንፋሎት መጠቀምም ይቻላል።

የተገኘው አሞኒያ ግን መጠኑ እጅግ ጥቂት ነበር። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ፕሮቶኑ በፍጥነት እንዲዘል የሚያስፈልገው ሙቀት አሞኒያውን መልሶ ይበትነዋል። ሙቀቱ ሲቀነስ አሞኒያው ይተርፋል፤ የፕሮቶኑ ጉዞ ግን ይንቀራፈፋል። ግድግዳውን ካቋረጡት ፕሮቶኖችም ብዙዎቹ ናይትሮጅንን ትተው እርስ በርሳቸው እየተጣመሩ ተራ ሃይድሮጅን ሆነው ይወጣሉ።