የጠዋቱ መዘግየት ማታ ይጀምራል፦ ልጆቻችን በየቀኑና በሰዓቱ እንዲማሩ ምን እናድርግ?



መስከረም ሲጠባ የብዙዎቻችን ቤት በዝግጅት ይጠመዳል። ደብተር ይገዛል፣ ዩኒፎርም ይሰፋል፣ ቦርሳ ይቀየራል። ጥቅምት ከገባ በኋላ ግን የልጁን ዓመት የሚወስነው ሌላ ነገር ነው። ልጁ በየቀኑ ክፍል ውስጥ ይገኛል ወይ? ደወሉ ሲደወልስ ደርሷል ወይ? ብር የማይጠይቅ ጉዳይ ስለሆነ ይመስላል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ካርድ ወጥቶ ውጤቱን ስናይ ነው። በዚህ ጽሑፍ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያሉ ልጆቻችን ለምን እንደሚያረፍዱና እንደሚቀሩ፣ በሙስሊም ቤተሰብ የዕለት ውሎ ውስጥም እንዴት ማስተካከል እንደምንችል እናያለን።

“አንድ ቀን ቢቀር ምን ይሆናል?”

እስቲ እናስላው። በሳምንት አንድ ቀን የሚቀር ልጅ ከአምስቱ የትምህርት ቀናት አንዱን ያጣል። ልማዱ እስከ 6ኛ ክፍል ከዘለቀ ልጁ ስድስት ዓመት ተማረ ቢባልም ክፍል ውስጥ የተቀመጠው አምስት ዓመት እንኳ አይሞላም። በአሜሪካ ልጆች የምታሳድጉ ወገኖቻችን እንደምታውቁት፣ በብዙ ግዛቶች ከትምህርት ቀናቱ 10 በመቶውን የቀረ ተማሪ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን አሳሳቢ ተብሎ ይመዘገባል። ይህም 180 ቀን ባለው የትምህርት ዓመት 18 ቀን፣ በወር ሲታይ ሁለት ቀን ገደማ ማለት ነው። በወር ሁለት ቀን ለብዙዎቻችን “ምንም አይደል” የምንለው ነው።

ማርፈድም እንዲሁ ነው። በየቀኑ 15 ደቂቃ የሚያረፍድ ልጅ በሳምንት 75 ደቂቃ ያጣል። አንዱ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ከሆነ ወደ ሁለት ክፍለ ጊዜ ይጠጋል። በዚያ ላይ የሚያልፈው ሁልጊዜ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ነው፤ ሒሳብ ወይም ንባብ በዚያ ሰዓት ከተመደበ በዚያ ትምህርት ብቻ ወደ ኋላ ይቀራል። ወላጅም “ልጄ ሒሳብ አይገባውም” ይላል።

ይህን ነገር በቁርኣን ሒፍዝ ላይ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሙራጀዓ ያልተደረገበት ሱራ ይጠፋል፤ ሁለት ቀን የጠፋ ልጅ ሲመለስ ኡስታዙ ፊት ሲቀመጥ ያስታውቃል። ለቁርኣኑ የምንጨነቀውን ያህል ለክፍልፋይ ሒሳቡም ብንጨነቅ ኖሮ “አንድ ቀን ነው” አንልም ነበር። ረቡዕ የሚሰጠው ትምህርት ማክሰኞ በተሰጠው ላይ ነው የሚገነባው።

ሰዓታችን ከዒሻ ይጀምራል

ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ እንደሚያስፈልገው የእንቅልፍ ሐኪሞች ይመክራሉ። ጠዋት ተቀስቅሶ የማይነሳ፣ ጫማውን ሲያስር የሚያንቀላፋ፣ ክፍል ውስጥ የሚነጫነጭ ልጅ ብዙ ጊዜ ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን እንቅልፍ አጥሮት ነው።

አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ የሶላት ሰዓቶቻችን ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጡም። በአዲስ አበባ ዒሻ ከምሽቱ 1 ሰዓት ካለፈ በኋላ እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይገባል። ሱብሒ ደግሞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ዙሪያ ነው፤ በክረምትና በበጋ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት አይሞላም። በአውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን በበጋ ዒሻን እስከ እኩለ ሌሊት ገደማ ሲጠብቁ እኛ ግን ዓመቱን ሙሉ የማይናወጥ ፕሮግራም ማውጣት እንችላለን። ዒሻን ሰግዶ 2፡30 ላይ የተኛ ልጅ 11፡30 ላይ ለሱብሒ ሲቀሰቀስ ዘጠኝ ሰዓት ተኝቷል። አራት ሰዓት ድረስ ከተከታታይ ድራማ ወይም ከስልክ ጋር ያመሸ ልጅ ግን ሱብሒም ትምህርትም ይከብደዋል።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከዒሻ በፊት መተኛትንና ከዒሻ በኋላ ወሬ ይዞ ማምሸትን ይጠሉ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ይህን ሱና በቤታችን ብንይዘው የጠዋቱ ችግር ግማሹ ይቃለላል። እኛ ወላጆች ቴሌቪዥኑን ከፍተን ልጁን “ሂድ ተኛ” ብንለው ግን አይሰማንም። ቢያንስ ልጆቹ እስኪተኙ ድረስ መላው ቤተሰብ ዝም ማለት አለበት። ቦርሳው ተዘጋጅቶ፣ ዩኒፎርሙ ተሰቅሎ፣ ካልሲው ተገኝቶ ማደር ያለበትም ማታ ነው።

ከሱብሒ በኋላ ያለው ሰዓት

ብዙ ቤት ውስጥ ልጁ ሱብሒን ይሰግድና “ትንሽ ይረፍ” ተብሎ ይመለስና ይተኛል። ሁለተኛው እንቅልፍ ከመጀመሪያው ይልቅ ይከብዳል። አንድ ሰዓት ላይ በጩኸት ይነሳል፣ ቁርሱን ሳይጨርስ ይሮጣል፣ ደወል ካለፈ በኋላ ይደርሳል። ዘበኛው በር ላይ ያቆመዋል፤ ሌሎች ልጆች እያዩት ይገባል። እንዲህ ያለው ነገር ሲደጋገም ልጁ ትምህርት ቤቱን ራሱን መጥላት ይጀምራል።

ማታ በጊዜ የተኛ ልጅ ግን ከሱብሒ በኋላ መተኛት አያስፈልገውም። ከሱብሒ እስከ ትምህርት ቤት መሄጃ ባለው አንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቁርኣን መቅራት፣ ተረጋግቶ ቁርስ መብላትና ያለ ጩኸት መውጣት ይቻላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለኡመታቸው በማለዳቸው በረካ እንዲደረግላቸው ዱዓ አድርገዋል። ሐዲሱን ያስተላለፉት ነጋዴው ሰሓባ ሰኽር አል-ጋሚዲ (ረ.ዐ.) ንግዳቸውን በማለዳ ይልኩ ስለነበር ሀብታም እንደሆኑ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። ለንግዳችን የምንፈልገውን የማለዳ በረካ ለልጆቻችንም እንፈልግላቸው።

በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የምገባ ፕሮግራም እንዳለ ይታወቃል። ቁርሱ የሚቀርበው ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ከሆነ ያረፈደ ልጅ ትምህርቱን ብቻ ሳይሆን ምግቡንም ያጣል። በባዶ ሆድ የሚሰማው መምህር ደግሞ ጆሮ ውስጥ አይገባም።

መድረሳና ትምህርት ቤት እንዳይጋጩ

ልጆቻችን ሁለት ትምህርት ቤት ነው ያላቸው። ሁለቱ ካልተነጋገሩ ዋጋውን የሚከፍለው ልጁ ነው። የጠዋቱ ቂርኣት ሲረዝም ለትምህርት ቤቱ ያረፍዳል፤ የማታው ሲረዝም የቤት ሥራው ሳይሠራ ያድራል፣ በማግስቱም ቅጣት ፈርቶ ይቀራል።

መፍትሔው ከኡስታዙ ጋር ቁጭ ብሎ ሰዓት መቁረጥ ነው። “ኡስታዝ፣ ልጄ ሁለት ሰዓት ላይ ሰልፍ አለበት፤ ከአንድ ሰዓት በፊት ቢለቁልኝ” ማለት ነውር የለበትም። የፈተና ሰሞን ሲሆን ደግሞ አዲስ ሒፍዝ ቀንሶ ሙራጀዓ ላይ እንዲያተኩር መጠየቅ ይቻላል። ኡስታዞችም ብዙ ማገዝ ይችላሉ። የሚወደው ኡስታዝ “ዛሬ ትምህርት ቤት ምን ተማርክ?” ሲለው፣ ትምህርት ቤት መሄድ በዲን ሰዎችም ዘንድ ክብር ያለው መሆኑን ልጁ ይረዳል።

“የዱንያ ትምህርት” እያሉ ማቃለል ግን ልጁን ይጎዳል። ከበድር ዘመቻ በኋላ ቤዛ የሚከፍሉት ያጡ ምርኮኞች የአንሷር ልጆችን ጽሕፈት በማስተማር ነፃ እንዲወጡ መደረጉ በሲራ መጻሕፍት ይወሳል። አስተማሪዎቹ ሙስሊሞች አልነበሩም፤ ትምህርቱም ፊደል ነበር።

ጁሙዓ፣ ረመዷንና አረፋ

አንዳንድ አባቶች በዲን ጉጉት የ3ኛ ክፍል ልጃቸውን ዓርብ ቀኑን ሙሉ ያስቀራሉ። ለአቅመ አዳም ባልደረሰ ልጅ ላይ ጁሙዓ ግዴታ አይደለም። ከአባቱ ጋር መስጂድ መልመዱ ትልቅ ተርቢያ ነው፤ ይህም ፈረቃው ሲፈቅድና በዕረፍት ወራት ሊሆን ይችላል። የከሰዓት ፈረቃው ከጁሙዓ ጋር የሚጋጭ ከሆነ ደግሞ ወላጆች በጋራ ሆነው ከትምህርት ቤቱ ጋር በአክብሮት መነጋገር ይሻላቸዋል።

ጾምም ለልጆች ልምምድ ነው። ሰሓባዎች ልጆቻቸውን ጾም ሲያለማምዱ ምግብ ፈልገው ሲያለቅሱ ከሱፍ በተሠራ መጫወቻ ያባብሏቸው እንደነበር ሩበይዕ ቢንት ሙዐዊዝ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል። በእነዚህ ዓመታት ረመዷን በትምህርት ወራት መካከል ስለሚገባ፣ ትንንሾቹ ቅዳሜና እሑድን ወይም ግማሽ ቀን ቢለማመዱ ትምህርታቸው አይጎዳም። ለሱሑር የሚነሳ ልጅም ከተራዊሕ በፊት ወይም ወዲያው እንደተሰገደ ይተኛ።

ሁለቱ ዒዶች በአገራችን የሕዝብ በዓላት ስለሆኑ ትምህርት ቤት ይዘጋል። የሚያስቸግረው ከዒዱ በፊትና በኋላ የሚጨመረው ሳምንት ነው። ለአረፋ አገር ቤት መሄድ፣ ዘመድ መጠየቅ፣ አያት እጅ ላይ መመረቅ ልጆች ሊያጡት የማይገባ በረካ ነው። ሆኖም በእነዚህ ዓመታት አረፋ በግንቦት ወር ስለሚውል ለዓመቱ መጨረሻ ፈተና ይቀርባል። ስለዚህ የመመለሻ ቀን አስቀድሞ ይቆረጥ፤ ለስም ጠሪ መምህሩም ይነገር። በውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ለዒድ ቀን ፈቃድ በጽሑፍ ቀድማችሁ ብትጠይቁ ልጁ ያለ ምክንያት የቀረ ተብሎ አይመዘገብም።

የገበያ ቀንና ታላቅ እህት

በገጠርና በትንንሽ ከተሞች ብዙ ልጆች የሚቀሩት በገበያ ቀን ነው። ገበያው እንደ ባቲ ሰኞ የሚውል ከሆነ የሳምንቱ የመጀመሪያ ትምህርት በየሳምንቱ ያልፈዋል ማለት ነው። ሕፃን ለመጠበቅ፣ ውሃ ለመቅዳት፣ የታመመ ለማስታመም የምትቀረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሴቷ ናት። የቤተሰብን ችግር አናቃልልም፤ ነገር ግን ሁልጊዜ አንድ ልጅ ብቻ እንዳይከፍል፣ ሥራው ለወንዱም ለሴቷም እንዲከፋፈል፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭም እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። ጎረቤታሞች በየተራ ሕፃን ቢጠባበቁ የአንዲት ልጅ ዓመት ይተርፋል።

“አልሄድም” ሲል እንስማው

በየጠዋቱ ሆዴን የሚል፣ የሚያለቅስ፣ ቅዳሜ ግን ደህና የሚሆን ልጅ የሚነግረን ነገር አለ። የሚመታው ልጅ ይኖራል፤ ሰሌዳው አይታየው ይሆናል፤ በስሙ ወይም በልብሷ የሚያሾፉ ይኖራሉ፤ መፀዳጃ ቤቱ ያስፈራት ይሆናል። ከመቆጣታችን በፊት ተረጋግተን “ትምህርት ቤት ውስጥ የምትፈራው ነገር ምንድን ነው?” እንበለው። ዓይኑን እናስመርምር። መልሱን ይዘንም ወደ ስም ጠሪ መምህሩ እንሂድ። ትምህርት ቤት ልጁ ሲያጠፋ ብቻ ለክስ የምንጠራበት ቦታ መሆን የለበትም። በወር አንድ ጊዜ ጎራ ብሎ “ስንት ቀን ቀረ? ስንት ቀን አረፈደ?” ብሎ መጠየቅ በቂ ነው።

በአገራችን ልጅ 1ኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመቱ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጆችን በሶላት እንድናዝ ያዘዙንም በዚሁ ዕድሜ ነው። ሁለቱም ሰዓት ማክበርን ይጠይቃሉ፤ አንዱን በቤታችን ያስያዝነው ልጅ ለሌላው አይከብደውም። እንግዲህ ዛሬ ማታ ከዒሻ በኋላ ቴሌቪዥኑን ዘግተን፣ ቦርሳውን አዘጋጅተን እንጀምር።

አላህ ልጆቻችንን ለዲናቸውም ለአገራቸውም የሚጠቅሙ፣ ለወላጆቻቸው የዓይን ማረፊያ ያድርግልን። አሚን!