ሥልጣን የለቀቁት መምህር

ታንጋኒካ ከእንግሊዝ አገዛዝ ነፃ በወጣች በስድስት ሳምንት ገደማ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ሥልጣን ለቀቁ። የገፋቸው አልነበረም። ጁሊየስ ኔሬሬ በጃንዋሪ 1962 (እ.ኤ.አ.) ወንበሩን ለራሺዲ ካዋዋ አስረክበው ገጠር የወረዱት፣ ፓርቲያቸው ታኑ ከነፃነት በኋላ ከሕዝቡ እንዳይነጠል ሰግተው ነው። በዓመቱ መጨረሻ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመለሱ።

ከቡቲያማ የወጡት የዛናኪ ባላባት ልጅ በማኬሬሬና በኤዲንብራ ተምረው ያስተማሩ ናቸው፤ ሕዝቡ ዛሬም ምዋሊሙ፣ መምህሩ፣ ይላቸዋል። ትዕግሥታቸው ጎልቶ የታየው በ1958 ነው። የቅኝ ገዥው የምርጫ ሕግ እያንዳንዱ መራጭ አንድ አፍሪካዊ፣ አንድ አውሮፓዊና አንድ እስያዊ እንዲመርጥ ያስገድድ ነበር። ከታኑ አባላት ብዙዎቹ ምርጫው ይቅርብን አሉ። ኔሬሬ በታቦራ ጉባኤ ተከራክረው አሳመኗቸው፤ ታኑም በዚያው አድሏዊ ሕግ አሸነፈ። በእኔ እምነት ከፖለቲካ ሥራቸው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ተቃዋሚዎቻቸውን በክርክር ነው የረቱት።

ገበሬውን ግን እንዲህ አልጠበቁትም። በ1967 የአሩሻው መግለጫ ሲወጣ ኡጃማ፣ በጋራ መንደር የመኖር ሐሳብ፣ በፈቃድ ይሁን ተብሎ ነበር። ብዙ ሰው ፈቃደኛ ሳይሆን ቀረ። በ1973 ሰፈራው ግዴታ ሆነ። ሚሊዮኖች ከኖሩበት ተነሡ፤ ተመልሰው እንዳይገቡ ቤታቸው የተቃጠለባቸው አሉ። ማሳው ከአዲሱ መንደር ራቀ፣ ድርቁ ተጨመረ፣ አገሪቱ እህል ከውጭ ገዛች። በ1976 ደግሞ ገበሬው ራሱ ያቆማቸው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ፈረሱ። በደርግ ዘመን መንደር ምሥረታን ያየ ኢትዮጵያዊ ይህን ታሪክ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው ገጠር መድረሱ እውነት ነው፤ ዳሬ ሰላም ለደቡብ አፍሪካ የነፃነት ታጋዮች መጠጊያ መሆኗም ያስከብራቸዋል። ሆኖም ይህ ሁሉ የተገደደውን ገበሬ በደል የሚሽር አይደለም።

በ1985 ፕሬዚዳንትነቱን ለአሊ ሐሰን ምዊኒ በሰላም አስረከቡ። በ1965 አንድ ፓርቲን ብቻ ሕጋዊ ያደረጉት ሰው፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የመድብለ ፓርቲ ክርክር ይከፈት አሉ። በመንግሥት ኮሚሽን ከተጠየቁት ዜጎች አብዛኞቹ አንድ ፓርቲ ይበቃናል ሲሉ መለሱ። ኔሬሬ ከጥቂቶቹ ጎን ቆሙ፤ በ1992 ሕጉ ተለወጠ።