ዘግይቶ የሚደርስ ኪኒን

በጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል ለጀመረች ሴት አይረንና ፎሊክ አሲድ የያዘ ኪኒን ይሰጣታል። ለደም ማነስ ይበጃል። ለጽንሱ ህብለ ሰረሰር ግን አብዛኛውን ጊዜ ረፍዷል፤ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው የነርቭ ቱቦ ተዘግቶ የሚያልቀው በተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ነው። ያኔ ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ አላወቀችም።

ቱቦው ከላይ ሳይገጥም ከቀረ አብዛኛው አንጎልና የራስ ቅል አይፈጠርም፤ ሕፃኑ ሞቶ ይወለዳል ወይም በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ያርፋል። ወገቡ ላይ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ በሕይወት ይወለዳል። አዋላጇ ጀርባው ላይ ያለውን ስስ ከረጢት በራሰ ንጹሕ ጎዝ ሸፍና፣ በሆዱ አስተኝታ ሪፈር ትጽፋለች። ከዚያ ሩጫ ነው፤ ከረጢቱ ከፈነዳ ማጅራት ገትር ያሰጋል። ቀዶ ጥገናው ተሳክቶም ብዙዎቹ ጭንቅላታቸው ውስጥ ውሃ ይጠራቀምና ወደ ሆድ የሚያወርድ ሻንት ይገባላቸዋል፤ እሱም ይደፈናል። እናትየዋን «እርግማን ነው» የሚላት ጎረቤትም አይጠፋም።

ፎሊክ አሲድ ከእርግዝና በፊት ከተጀመረ ችግሩ ዳግም የመከሰቱን ዕድል በ72 በመቶ እንደሚቀንስ በ1991 እ.ኤ.አ. (ቀጥለው ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) በእንግሊዝ ተመራማሪዎች የተመራ ጥናት አሳየ። አሜሪካ በ1998 ዱቄት ውስጥ እንዲጨመር አስገደደች። በትግራይ ሆስፒታሎች ተሠርቶ በ2018 የታተመ ጥናት ግን ከ10,000 ወሊድ 131 እንዲህ ያለ ችግር አግኝቷል። ፎሌት (የፎሊክ አሲድ ተፈጥሯዊ ዓይነት) ያላቸው ሽሮና ምስር በሚበሉበት አገር? አዎ፤ በምግብ ውስጥ ያለው ፎሌት ሲንተከተክ ከፊሉ ይጠፋል።

ኢትዮጵያም በ2022 የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድም እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ አጽድቃለች። ጥሩ ነው፤ ዳቦና ፓስታ ለሚገዛ ከተሜ። የራሱን ጤፍ፣ በቆሎ ወይም ማሽላ ሰፈር ወፍጮ ቤት የሚያስፈጭ ገበሬ ቤት ግን የፋብሪካ ዱቄት መቼ ይገባል?

ጨው ግን የማይገባበት ቤት የለም። ለእኔ መንገዱ ይሄ ነው። አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀመው ቤት በ2011 15 በመቶ ገደማ ነበር፤ ሕግ ወጥቶ በ2016 ወደ 89 በመቶ ደረሰ። በደቡብ ሕንድ መንደሮች ተሞክሮ በ2024 የታተመ ጥናት ፎሊክ አሲድ የተጨመረበት ጨው የሴቶችን የደም ፎሌት ከፍ እንደሚያደርግ አሳይቷል። ጨውን ማበልጸግ ከዱቄት ይልቅ ለቁጥጥርም ይመቻል፤ ወፍጮ ቤቱ በየሰፈሩ ነው፣ የአገሪቱ ጨው ግን በአብዛኛው የሚመጣው ከአፋር፣ ከአፍዴራ ነው። ሥራው መጠኑን በትክክል መጨመርና ከጆንያ ጆንያ እንዳይለያይ መከታተል ነው፤ በአዮዲኑ ላይ ያስቸገረውም ይኸው ነበር።