በቀለም የሚሠሩ የፀሐይ ሴሎች፦ ቀለሙ ከሴሚኮንዳክተሩ ጋር የሚተሳሰረው እንዴት ነው?

የፀሐይ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ለመለወጥ በስፋት አገልግሎት ላይ የዋለው ከሲሊከን የሚሠራው ፓኔል ነው። ከዚህ የተለየ አሠራር ያለው በቀለም የሚሠራው የፀሐይ ሴል ሲሆን፣ ብራያን ኦሬጋን እና ሚካኤል ግሬትዘል እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ ያደረጉት ምርምር ለዘመናዊው ቅርጹ መሠረት ሆኗል። የሴሉ ውጤታማነትም ሆነ ዕድሜ በእጅጉ የተመሠረተው ቀለሙ ከሴሚኮንዳክተሩ ጋር ባለው ትስስር ላይ ነው።

ሴሚኮንዳክተሩ ምንድን ነው?

በአብዛኛው ጥቅም ላይ የሚውለው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። ይህ ነጭ ዱቄት ለግድግዳ ቀለም መሥሪያም ያገለግላል። በዐይን የሚታየውን ብርሃን ስለማይውጥ፣ ብርሃኑን የሚቀበልለት ቀለም ያስፈልገዋል። 20 ናኖሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው የዱቄቱ ቅንጣቶች በመስታወት ላይ ተቀብተው በ450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲጋገሩ፣ እንደ ስፖንጅ ባለ ብዙ ቀዳዳ ንጣፍ ይሠራሉ። በዚህም ቀለሙ የሚያርፍበት ገጽ በብዙ መቶ እጥፍ ይጨምራል።

ትስስሩ እንዴት ይፈጠራል?

ንጣፉ በቀለም ውስጥ ለሰዓታት ይነከራል። ለዚሁ ተብለው የተዘጋጁ አብዛኞቹ ቀለሞች በጫፋቸው ካርቦክሲል የተባለ የአተሞች ስብስብ አላቸው፤ በስብስቡ ውስጥ ያሉት ኦክስጅኖችም ከታይታኒየም አተሞች ጋር በኬሚካል ይተሳሰራሉ። ብርሃን ሲያርፍበት ቀለሙ አንድ ኤሌክትሮን በዚሁ ትስስር በኩል ወደ ሴሚኮንዳክተሩ ያሻግራል፤ የጎደለውንም በሴሉ ውስጥ ካለው ፈሳሽ ይተካል። ገጹን ሳይነካ በሌላ ቀለም ላይ የተደረበ ሞለኪውል ግን ለዚህ ተግባር ስለማይበቃ፣ ትርፉ ቀለም ታጥቦ ይወገዳል።

ትስስሩን የሚያላላው ምንድን ነው?

ዋነኛው ምክንያት እርጥበት ነው። ውሃ ወደ ሴሉ ሲገባ የካርቦክሲል ትስስር ይላላል፣ ቀለሙ ከገጹ ይለቃል፣ የሚመነጨው ኤሌክትሪክም ይቀንሳል። ፎስፎኒክ አሲድ ያላቸው ቀለሞች ውሃን በተሻለ ሁኔታ ይቋቋማሉ፤ ሆኖም ኤሌክትሮኑን በማሻገር ረገድ ከካርቦክሲል የሚዘገዩበት ሁኔታ አለ።

እንደ ከርከዴ ካሉ ዕፅዋት የሚገኘው ቀይ ቀለምም ከታይታኒየም ጋር ስለሚተሳሰር ለትምህርት ቤት ሙከራ ተስማሚ ነው። ይሁን እንጂ የሚሰጠው ኃይል አነስተኛ ሲሆን ቶሎም ይደበዝዛል።

ተጠቃሚዎች ልብ ሊሉት የሚገባ

የዚህ ዓይነት ሴል የያዘ ዕቃ የሚገዙ ተጠቃሚዎች የጠርዙ ማሸጊያ ያልተሰነጠቀ፣ ፈሳሹ ያልፈሰሰና ቀለሙ ወጥ መሆኑን አስቀድመው እንዲያረጋግጡ ይመከራል።