የነፃው ሶፍትዌር ሒሳብ በማን ላይ ነው?

በኪስዎ የያዙት ስልክ አንድሮይድ ከሆነ ሊኑክስ በተባለ ሶፍትዌር እየተጠቀሙ ነው። ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ሲሆን፣ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው። የፈለገ ያነበዋል፣ ያሻሽለዋል፣ ለሥራው ያውለዋል። እንዲህ ያለው ሶፍትዌር «ኦፕን ሶርስ» ይባላል። ታላላቅ ኩባንያዎች ሳይቀሩ ሥራቸውን የመሠረቱት በእንዲህ ዓይነቱ ሶፍትዌር ላይ ነው።

አሠራሩ ከደቦ ጋር ይመሳሰላል። ነገር ግን በደቦ ጠላና እንጀራ የሚያቀርበው የእርሻው ባለቤት ነው። እዚህ ግን ብዙ ጊዜ ሠሪው ራሱ ደግሶ፣ ራሱ አርሶ፣ በመጨረሻም «ለምን ዘገየህ?» ተብሎ ይወቀሳል።

ብዙው ሰው አንድ ስህተት አርሞ ይሄዳል። የዕለት ተዕለቱ ሸክም የሚቀረው በጥቂቶች፣ አንዳንዴም በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ነው። እንደ ሊኑክስ ባሉት ታላላቅ ሥራዎች አብዛኛው ባለሙያ በኩባንያ ተቀጥሮ ደመወዝ ያገኛል። ችግሩ የሚጠናው ማንም ልብ በማይላቸው ትናንሽ ሥራዎች ላይ ነው።

ለምሳሌ ኦፕን ኤስኤስኤል የይለፍ ቃልና የባንክ ካርድ ቁጥር በኢንተርኔት ላይ በምስጢር እንዲተላለፍ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 «ሀርትብሊድ» የተባለ ቀዳዳ ሲገኝበት ዓለም ደነገጠ። ሒሳቡም ያኔ ታየ። ሥራው በልገሳ የሚያገኘው በዓመት 2 ሺሕ ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ሙሉ ጊዜውን የሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ጉግል፣ ማይክሮሶፍት፣ ፌስቡክና ሌሎችም ለእንዲህ ያሉ ሥራዎች እያንዳንዳቸው በዓመት 100 ሺሕ ዶላር ለ3 ዓመታት ለመስጠት ቃል ገቡ።

ጉድለቱ ግን የገንዘብ ብቻ አይደለም። የፋይልን መጠን የሚያሳንሰውን ኤክስዜድ የተባለ ሶፍትዌር ለዓመታት የያዘው አንድ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ተጠቃሚ ነን ያሉ ሰዎች ሥራው ዘገየ ብለው ጨቀጨቁት። እሱም የአእምሮ ጤንነቱ እንዳስቸገረው፣ ሥራውንም ያለ ክፍያ በትርፍ ጊዜው እንደሚሠራ ነገራቸው። በዚህ መሀል «ጂያ ታን» የሚል ስም የያዘ ታታሪ ረዳት አመኔታ አግኝቶ የሥራው ተባባሪ ኃላፊ ሆነ። በ2024 መጀመሪያ ላይ በወጣው ቅጂ ውስጥ ኮምፒዩተሮችን ለወራሪ የሚከፍት ድብቅ ኮድ ተገኘ። ነገሩ የተደረሰበት አንድ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ወደ ኮምፒዩተሩ ሲገባ ግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱ አጠራጥሮት ስለመረመረ ነው። ጨቅጫቂዎቹም የሴራው ተባባሪ ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ይታመናል። ሌባው የገባው በደከመ ሰው በር ነው ማለት ነው።

ክፉ ቃልም ኪሳራ አለው። ቶርቫልድስ ራሱ ባልደረቦቹን በሻካራ ቃል በመዝለፍ ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2018 በይፋ ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ሳምንታት ከሥራው ራቀ፤ የሊኑክስ ማኅበረሰብም በዚያው ሰሞን አዲስ የሥነ ምግባር ደንብ ተቀበለ። በፈቃዱ የመጣን ሠራተኛ ደመወዝ አያስረውም፤ ከተሰደበ ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል።

አቅራቢው ነገ መኖሩን ሳያጣራ ውል የሚፈርም ነጋዴ የለም። ሥራውን በነፃ ሶፍትዌር ላይ የመሠረተ ድርጅትም ይህንኑ ማጣራት ይገባዋል። ሶፍትዌሩን የሚጠብቁት ስንት ሰዎች ናቸው? ደመወዝ የሚከፍላቸው አለ? አንዱ ቢታመም ማን ይተካዋል? መልሱ «አንድ ሰው፣ በትርፍ ጊዜው» ከሆነ፣ ድርጅቱ ገንዘብ ቢያዋጣ ወይም የራሱን ባለሙያ ሰዓት ቢያውስ ከኪሳራ ይድናል። ይህ አቅም የሌለው ደግሞ ቢያንስ ስህተት ባገኘ ጊዜ በትሕትና ያስታውቅ፤ ሲታረምለትም ያመስግን።